አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት

ሴትዮዋ ዋጋ ሳትከራከር "እሺ" አለች። መጠርጠር የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በነሐሴ ወደ ሱቄ የሚገባ ወላጅ መጀመሪያ ጨርቁን ያናንቃል፣ ቀጥሎ ስፌቱን ያናንቃል፣ ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ ተቆጥቶ ይወጣና ከደረጃው ላይ ይመለሳል። ወጉ እንዲህ ነው። ሳይከራከር የሚስማማ ሰው ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ ከእድገት ጽሕፈት ቤት የተላከ ፈታኝ ነው። ሴትዮዋ ዘመዴ አይደለችም።

አሰጋኸኝ ተጠራጣሪ ነው ይሉኛል። ነኝ። አባቴ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር" እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እስከ ዛሬ ገንፎ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ በማንኪያ እፈትሻለሁ።

ሁለት ሆነው ሲገቡ ሁለት ተማሪዎች መስለውኝ ነበር። ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ ሳይ ግን አንደኛዋ ጆሮ ግንዷ ላይ ሸብታለች። ከዓይኗ ሥር ቆዳዋ ተሸብሽቧል። ቀሪ ናት። ቀሪ የምንለው ተራው ዘግይቶ፣ ከሃያ አንድ ዓመቱ በኋላ ተከፍቶ፣ የእድገት መክፈቻው መርፌ ያልያዘለትን ሰው ነው። ቀሪን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው፤ ዓይንን ማዞርም ነውር ነው። እኔ መቀሴን እያየሁ "ደህና ዋላችሁ" አልኩ።

"ዘምዘም እባላለሁ፣ ጋሼ" አለች። "ይህች ሐያት ናት፣ የእህቴ ልጅ። እናቷ ስላረፈች እኔ ነኝ የማሳድጋት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።"

ልጅቷ ጉልበቷን እጥፍ አድርጋ ነበር የቆመችው። ዓይኔ የሰውን ቁመት ለመገመት ሜትር አያስፈልገውም። አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት አልኩ በሆዴ።

ዋጋውን ነገርኳት፤ እሺ አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከታች እጥፋቱን ሰፋ ያድርጉልኝ። ስታድግ እለቅላታለሁ" አለችኝ።

ይህን ነገር ከደንበኛ አፍ ከሰማሁ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። በአባቴ ጊዜ አራት ጣት እጥፋት የሌለው ቀሚስ ከሱቅ አይወጣም ነበር። እናቶች "ታድግበታለች" እያሉ ጆንያ የሚያክል ልብስ ያሰፉ ነበር፤ እጥፋቱ በየዓመቱ ይለቀቃል፣ ያረጀው መስመር ቀሚሱ ጫፍ ላይ ይቀራል። ዛሬ ማንም ልጅ ምንም አያድግበትም። አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት ላይ ሲደርስ የእድገት ማቆያውን መርፌ ይወጋል፣ ተራው እስኪደርስም እዚያው ይቆያል። ትምህርት ቤቶቹ ለሁሉም የሚሆን አንድ የወረቀት ቅድ ሰጥተውኛል። ስለዚህ እጥፋት የጠየቀ ወላጅ ማለት፣ ልጁ በድብቅ እያደገበት ያለ ወላጅ ማለት ነው።

ወይም ደግሞ እኔ እጠቁም እንደሆነ ለማየት የተላከ ሰው ማለት ነው።

ሕጉ ሲጀመር እኛም አጨብጭበን ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአባቷ እኩያ የምትዳርበት ዘመን ነበረ፤ ማቆያው መጣና ያ ቀረ። ለሴቶቹ መልካም ሆኖ ሲታይ ወንዶቹም ተጨመሩ። መክፈቻው በመጀመሪያ በአሥራ አራት ዓመት ይሰጥ ነበር። ቀጥሎ ልጆች በፈተና ሰሞን ሐሳባቸው እንዳይበተን ተብሎ አሥራ ስድስት ሆነ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ጠበበ ተባለ፣ ቤት ጠፋ ተባለ፣ ሥራ ጠፋ ተባለ፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሁን ሃያ። ትንሽ ሰው ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ አልጋ ላይ ይተኛል፣ አያገባም፣ አይወልድም፣ ሰልፍ አይወጣም። ይህን የመጨረሻውን በይፋ የተናገረ ባለሥልጣን የለም፤ እኔ ነኝ የምለው።

ሰው ደግሞ ሁሉን ይለምዳል። የደሴ ሚኒባስ ውስጥ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ፍልስፍና ይከራከራሉ። ባንክ ቤት መስኮቱ ሥር መወጣጫ ተሠርቷል። የሰፈራችን መዘምራን ውስጥ ጎርናና ድምፅ ያላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተዋል፤ አንደኛው ሲያስለው መዝሙሩ ይሳሳል።

ቁጥጥሩ ወደ እኛ ወደ ልብስ ሰፊዎች የመጣው በብልሃት ነው። ክሊኒክ የማይሄድ ልጅ አለ፤ ዩኒፎርም የማያሰፋ ግን የለም። ስለዚህ ሜትሩን ለእኛ ሰጡን። የልጁን ስም ጠርቼ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ስለካው ቁጥሩ በራሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል። ያልተለካ ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም። ከስድስት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ሙህዬ አንዲት ልጅ ሲለካ ሜትሩን ጠበቅ አድርጎ ሁለት ጣት ዋጠላት። እናትየው ፈታኝ ነበረች። ሱቁ ታሸገ፤ ያ ይሁን። የራሱ የሙህዬ ልጅ ተራ ግን አምስት ዓመት ተገፋ። ልጁ አሁን ቀሪ ነው፣ መናኸሪያ አካባቢ አየዋለሁ፣ ሰላምታ አልሰጠውም። አፍራለሁ።

"ነገ በሦስት ሰዓት ተመለሱ፤ ዛሬ ሜትሩ ተበላሽቷል" አልኳት ዘምዘምን። ሜትሩ ደህና ነበር።

ሲወጡ ልጄ ምንትዋብ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ብቅ አለች። ቁልፍ የምትተክለው እዚያ ተቀምጣ ነው፤ ቦታው ይመቸኛል ትላለች። ሃያ ዓመቷ ነው። ሕግ አጥንታ በማዕረግ ተመርቃለች፤ ያልተከፈተ ሰው ግን ችሎት ፊት መቆም ስለማይችል እኔ ዘንድ ቁልፍ ትተክላለች። እናቷ አፋር ውስጥ ጨው ፋብሪካ ትሠራለች፣ በወር አንዴ ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥር ልጇን ታቅፍና እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ልታስቀምጣት ቃጥቷት እጇን ትሰበስባለች። ለምንትዋብ ወረቀቱ ደርሷታል፤ ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ትከፈታለች። ግንቦት ላይ ሃያ አንድ ይሞላታል። ከዚህ በላይ የምፈልገው ነገር በዚህ ዓለም አልነበረኝም፤ ጥቅምት አሥራ ሁለት እስኪደርስ ከሰው ሳልጋጭ፣ ከማንም ነገር ሳልገባ መቆየት ብቻ።

"ልጅቷ የእውነት እያደገች ነው፣ አባዬ" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"ላቧ ሸተተኝ። እኛ እንደዚያ አንሸትም።"

"እንግዲያው እጠቁማለሁ።"

"ምን እንደሚያደርጓት ታውቃለህ?"

አውቃለሁ። ማቆያውን ደርበው ይወጓታል፤ ደርቦ ከተወጋ በኋላ መክፈቻው እንደማይዝ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። "እኔ ያንቺ አባት ነኝ። የእሷ አይደለሁም" አልኳት።

ምንትዋብ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ነገ በስሟ እኔን ለካኝ።"

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ቀጥሎ ፊቷን አየሁት። "አብደሻል? ፈታኝ ብትሆንስ?"

"ቀሪ እንዴት ፈታኝ ትሆናለች? ይህን ያደረጓትን ሰዎች ልታገለግል?"

"ሆድ የማያስደርገው ነገር የለም። ደግሞም ቀሪን ማንም ስለማይጠረጥር ነው የሚልኳት። እኔ ብሆን የምልከው ቀሪ ነው።"

"አንተ የምትጠረጥረው ድሃውን ብቻ ነው፣ አባዬ" አለች። ተናደድኩባት፤ እውነቷን ስለሆነም ይበልጥ ተናደድኩ።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት ዘምዘም መጣች። ሐያትን ከኋላዋ ሸፍና ቆመች፤ ቁመቷ ግን እስከ ልጅቷ ግንባር ብቻ ነበር የሚደርሰው። ልጠቁም ወስኜ ነበር፤ ከመጠቆሜ በፊት ግን አፏን ላስከፍት ፈለግሁ።

"ማን ላከሽ?" አልኳት።

"ማንም።"

"ከተማው ውስጥ ስንት ልብስ ሰፊ እያለ ለምን እኔ ዘንድ መጣሽ?"

"ልጅዎ አለች አሉኝ። ተራዋን የምትጠብቅ። ተራ የሚጠብቅ ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል ብዬ።"

"ተራ የሚጠብቅ ልጅ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይጠቁማል።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዘምዘም የመጣችበት መንገድ ሌላ መውጫ ያጣ ሰው መንገድ ነበር። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር ለተቀመጠችው ለምንትዋብ መናገር ጀመረች። "ተራዬ ሦስት ጊዜ ተገፋ። መክፈቻውን በሃያ ሦስት ዓመቴ ወጉኝ። ዛሬ ይጀምረኛል፣ ነገ ይጀምረኛል እያልኩ አንድ ዓመት በየጠዋቱ መስተዋት ፊት ቆምኩ። ጡት አልመጣ፣ አበባዬን አላየሁ፣ ቁመት አልጨመርኩ። ወላሂ፣ የመጣልኝ ሽበት ብቻ ነው። ይህችን ልጅ እህቴ ስትሞት አደራ ሰጥታኛለች። እንደ እኔ አላደርጋትም።"

ሐያት ማቆያው እንዴት እንደቀረላት አልጠየቅኩም። አለማወቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ምንትዋብ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ መለኪያው ሰሌዳ ላይ ቆመች፣ ጀርባዋን አስደገፈች። አልለካም ብል ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ከዚያ እስክትወርድ ድረስ ግን በቀኑ ውስጥ ሌላ ሥራ እንደማይሠራ ገባኝ። ሜትሩን አነሳሁ። "ሐያት ሰይድ" ብዬ ጠራሁ። ከልጄ አናት እስከ ተረከዟ ለካሁ። አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት። ቁጥሩ ሄደ።

ፈርቼ ነበር። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ትንሽ ኩራት ተሰማኝ፤ ያ ሜትር ከተሰጠኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የፈለግሁትን ተናገረ። ለሐያት ቀሚስ አራት ጣት እጥፋት ሰጠኋት። እጄ ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን የሰው ኑሮ አልነበረም። በሱቄ በር ያለፈ ሁሉ አየኝ፤ ያላየኝ ደግሞ ሆን ብሎ ነው ያላየኝ። አንድ ሰውዬ ለሱሪው ዚፕ ሊያስገባ መጥቶ ሁለት ጊዜ ጣራውን ቀና ብሎ ስላየ፣ ከሄደ በኋላ መሰላል ተክዬ ጣራውን ፈተሽኩ። የሸረሪት ድር ነበር። መስከረም ገባ፣ ትምህርት ተጀመረ። ሐያት ከጓደኞቿ መሃል ስታልፍ አየኋት፤ የቀሚሷ ጫፍ እንደ ሁሉም ጉልበቷ ላይ ነው የወደቀው። ሰው ልጅን የሚያየው በቀሚሷ ጫፍ ነው። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ማንም አልመጣም። ዘምዘም ፈታኝ እንዳልነበረች አመንኩ። ምንትዋብ "አላልኩህም?" አለችኝ፤ እኔም ለአንዴ መሸነፌ ደስ አለኝ። ለጥቅምት አሥራ ሁለት የምትለብሰውን ቀሚስ ማሰብ ጀመርኩ። ሰፊ፣ በጣም ሰፊ ላደርገው።

ጥቅምት አሥር ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አቶ ልሳነወርቅ መጣ።

አቶ ልሳነወርቅ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊዎች የሚቆጣጠር የጽሕፈት ቤቱ ሰው ነው። ቁጡ አይደለም፤ ሰው ሲያሽግ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚያሽገው። ሙህዬን ያሸገውም እሱ ነበር። ገብቶ በሩን ራሱ ዘጋው።

"ጋሽ አሰጋኸኝ፣ ደህና ከረሙ? ምንትዋብ፣ እንዴት ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልን ሁለታችንም።

"ሐያት ሰይድ" አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። "አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት ተለክታለች፣ እዚህ፣ በእርስዎ ሜትር። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቷ ሄጄ ነበር። ቀሚሷ ልክ ነው። ግን ጥቁር ሰሌዳውን ስታጠፋ አየኋት። ጓደኞቿ የማይደርሱበትን ጥግ እሷ ደረሰችበት።"

ምንትዋብን አላየኋትም፤ ብመለከታት በፊቴ እንደምትያዝ አውቄ ነው።

"ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሃያ መምህር አለ፣ ማንም አላስተዋለም" አለ። "እኔ የማስተውለው ስለምፈልግ ነው። በተለካችበት ሰዓት እዚህ ሱቅ ውስጥ ያልተከፈተ ሰው ማን ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ብዙ ማሰብ አልፈጀብኝም።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ልጄ አታውቅም። ቁሚ አልኳት፣ ቆመች።"

"ዋሽቷል፣ እኔ ነኝ ያልኩት" አለች ምንትዋብ።

አቶ ልሳነወርቅ ሁለታችንንም በእጁ ገታን። ተነሥቶ በሩን ከፈተ፣ ወደ ውጭ በጣቱ ጠራ፣ አንዲት ልጅ ከመኪናው ወርዳ ገባች። ጉልበቷን አጥፋ ነበር የምትራመደው። "ልጄ ናት፣ ኬብሮን" አለ። "አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ዩኒፎርሟ ተቀዷል፤ አዲስ ይሰፋላት። ለዚያችኛዋ እንደሰፉት አድርገው።"

የተናገረው እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደንበኛን ስጠረጥር፣ ቀሪን ስጠረጥር፣ ጣራ ስጠረጥር፣ ይህን ሰው እንደ ሕግ እንጂ እንደ አባት አስቤው አላውቅም።

"ልጅዎን ማቆያውን አላስወጓትም?" አልኩት።

"እኔ ጋሽ አሰጋኸኝ፣ መክፈቻው ለስንቱ እንዳልያዘ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አነባለሁ" አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም።

ምንትዋብ ጫማዋን አወለቀችና ሰሌዳው ላይ ቆመች። የኬብሮንን ስም ጠራሁ፣ ለካሁ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት ሄደ። ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። ልጁን ወደ መኪናው ላካት። እኔም ቀለል አለኝ፤ ሳልፈልግ የሰውየው ምሥጢር እጄ ገብቷል፣ እንግዲህ ማናችንም ማናችንን አንነካም ብዬ። በዚያ ድፍረትም "ለከርሞ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ። ከነገ ወዲያ ምንትዋብ ትከፈታለች" አልኩት።

"እሱን አስቤበታለሁ" አለ አቶ ልሳነወርቅ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። "ተራዋን አዛውሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት።"

"ወዴት?"

"ለጊዜው ወደ ከርሞ። አይስጉ፣ በሌላ ምክንያት ነው ተብሎ የተጻፈው፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ሌላ ልጅ እዚህ ሰሌዳ ላይ ባቆም በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። ልጅ ምሥጢር አይዝም። ምንትዋብ ግን ትልቅ ሰው ናት። እንደሷ ያለ ሌላ ሰው የለንም።"

"ግንቦት ላይ ሃያ አንድ ይሞላታል" አልኩት። ይህን ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ኬብሮን ከመኪናው መስኮት ዞር ብላ አየችን።

"ለአንዳንዶቹ እስከ ሃያ ሦስትም ይይዝላቸዋል ይባላል" አለ። ማን እንደሚለው አልተናገረም። ዓይኑ ግን ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ዓይን ወደ ታች ወረደ፤ እንደማይዝላት እሱም አውቋል።

ሜትሩ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ኬብሮንን መልሼ ብጠራት፣ ሰሌዳው ላይ አቁሜ እውነተኛ ቁመቷን ብለካው፣ ሰውየው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወድቃል። እሷም አብራው፣ ሐያትም አብራት። ይህን አስቤ እጄ አልተንቀሳቀሰም። በፍርሃትም በደግነትም አይደለም፤ ልጅቷ ከመስኮቱ እያየችኝ ስለነበር ነው። ሰውየውን ጠላሁት፣ ራሴን ደግሞ ከእሱ አስበልጬ ጠላሁ።

ምንትዋብ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሠሪያ ትቋጥር ነበር። ቀና አላለችም። "አቶ ልሳነወርቅ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?" አለችው። ፍርድ ቤት የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

"አራት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፣ የልጆቹ ነገር ሲነሳ እንደ ማንኛውም አባት ፊቱ በርቶ። "ትንሿ ኅዳር ላይ ሁለት ዓመት ይሞላታል።"